ከመጠመቂያው ዳር፦ በወንዛዬ የሥልጠና ጉባኤ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር



አዘጋጆቹ ይህን ጉባኤ በከተማ አዳራሽ ማድረግ ሲችሉ፣ በጉማራ ወንዝ አጠገብ ከምድር ሆድ እየፈላ በሚወጣው በወንዛዬ ፍል ውሃ ዳር እንዲሆን መምረጣቸው ለአየሩና ለጸጥታው ብለው ይመስለኛል፤ እኔ ግን ቁርጥማት የያዘውና ወገቡን የሚያመው ሁሉ ከሩቅ አገር ስንቁን ይዞ የሚመጣበትን ይህን ስፍራ ባየሁ ቁጥር፣ በዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ በቤተ ክርስቲያናችን ታሪኩ የሚነበብለት መጻጉዕ ትዝ ይለኛል።

መጻጉዕ በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ ዳር ከአልጋው ጋር ተጣብቆ 38 ዓመት የኖረ ድውይ ነው። ጌታችን ቀርቦ ለመዳን ፈቃድ እንዳለው በጠየቀው ጊዜ፣ ሰውየው «አዎን» ብሎ እንዳልመለሰ ልብ ያለ ሰው ጥቂት ነው። የመለሰው ውሃው በሚናወጥበት ሰዓት የሚያወርደው ሰው እንደሌለው፣ እርሱ ሲንፏቀቅም ሌላው ቀድሞ እንደሚገባ ነበር። የተጠየቀው ስለ ፈቃዱ፣ የመለሰው ስለ እንቅፋቱ ነው። በዚህ ምክንያት መጻጉዕን ልንወቅሰው አይገባም፤ እግር አልነበረውም፣ ሰውም አልነበረውም፤ ምክንያቱ እውነተኛ ነበር። የሚያስደንቀኝ፣ እግርም ሰውም ያለን እኛ፣ ስለ ፈቃዳችን በተጠየቅን ቁጥር የእርሱን መልስ ቃል በቃል መድገማችን ነው።

ከእናንተ መካከል የቅርብ ጎረቤቶቿን ወተት አሰባስባ እርጎና ቅቤ ለደብረ ታቦር ምግብ ቤቶች ለማቅረብ ካሰበች ዓመታት ያለፏት እኅት እንዳለች አልጠራጠርም፤ በመከር ሰሞን ድንች ሁሉም በአንድ ጊዜ ገበያ ሲያወጣው ዋጋው ሲወድቅ እያየ፣ ለዘር የሚሆነውን ለይቶ ብርሃንና ነፋስ በሚያገኝ የእንጨት መደርደሪያ ላይ በስሱ አስጥቶ ለማቆየትና በመዝሪያው ወራት ለመሸጥ ያቀደ የፋርጣ ገበሬም ይኖራል። ለምን አልጀመራችሁም ቢባሉ፣ አንዷ ማቀዝቀዣ፣ አንዱ ቆርቆሮ፣ ሁለቱም ብድር ይጠራሉ። ነገር ግን መደርደሪያው ከባሕር ዛፍ አጣና ይሠራል፤ ክዳኑም ሣር ቢሆን ድንቹ አይከፋውም። የመጀመሪያውም እርጎ ማቀዝቀዣ ሳያሻው በሰፈር ያልቃል።

ስለ መጀመር ለመናገር ደግሞ ከዚህ አገር ሰው ይልቅ የተዘጋጀ ምሳሌ ያለው የለም። ከደብረ ታቦር ጥቂት ወጣ ብሎ ያለውን ጋፋትን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዐፄ ቴዎድሮስ በዚያ ያሰፈሯቸው፣ ቴዎፍሎስ ዋልድማየርን የመሳሰሉ አውሮፓውያን፣ አብዛኞቹ በስዊዘርላንድ በባዝል አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪሾና የሚስዮን ትምህርት ቤት የወጡ፣ ወንጌልንና የእጅ ሥራን አስተባብረው የተማሩ ሰዎች ነበሩ እንጂ መድፍ አፍሳሾች አልነበሩም። ንጉሠ ነገሥቱ መድፍ እንዲሠሩ ባዘዟቸው ጊዜ ሙያው እንደሌላቸው አመለከቱ፤ ንጉሡ ግን አላውቅም ማለትን የነገር መጨረሻ አድርገው የሚቀበሉ ሰው ስላልነበሩ፣ ሞክሩ ተባሉ። ሞከሩ፤ ከሸፈ። እንደገና ሞከሩ፤ ከመክሸፉም ተማሩ፤ ከትንንሾቹ ተነሥተው እየጨመሩ ሄደው፣ በመጨረሻ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነውን፣ በክሪሚያው ጦርነት ስመ ጥር በሆነው የሩሲያ ምሽግ ስም ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አፈሰሱ። አምሳያው ዛሬ አዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል።

እኔን ከመድፉ ይልቅ መንገዱ ይማርከኛል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ወደ መቅደላ ሲያመሩ ያን የብረት ተራራ የሚያሳልፍ መንገድ አልነበረም፤ መንገዱ እስኪሠራ ግን ቁጭ አላሉም። በእያንዳንዱ ቀን፣ ለዚያ ቀን ጉዞ የሚበቃው ያህል ገደሉ ይናዳል፣ አለቱ ይፈለጣል፣ ጕድባው ይደለደላል፤ ወታደሩም በጠፍር እየሳበ ያልፋል። የጂዳን ወንዝና የበሽሎን ሸለቆ እንዲህ ወርደው፣ እንዲህ ወጥተው በመጋቢት መቅደላ ደረሱ። ንጉሡ ራሳቸው ከመኳንንቶቻቸው ቀድመው ድንጋይ በእጃቸው ሲያነሡና ሲያንከባልሉ በመንገድ ሥራ ላይ ያገኟቸው የውጭ ሰዎች ጽፈዋል፤ የነገሥታትን እጅ በልብሰ መንግሥት ውስጥ ለማየት ለለመደ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እዚህ ላይ ግን የታሪኩን ግማሽ ደብቄ ላሞግሳችሁ አልፈልግም። እኒያው ቆራጥ ንጉሥ ሲነሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ነው የሄዱት፤ ያ ሁሉ ላብ የፈሰሰበት መድፍም በእሮጌው ውጊያ ያሰቡትን አልፈጸመላቸውም፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ራሳቸውን ሠዉ። ጽኑ ፈቃድ ምክር ካልተጨመረበት የገዛ ቤቱን እስከ ማቃጠል ይደርሳል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ያሉ አባቶች ያወቁት ነገር አለ። ስለዚህ በዚህ ጉባኤ የምንማማረው በችኮላ ዘሎ መግባትን እንዳይመስላችሁ፤ ምክርን ከሥራው በፊት ብቻ ሳይሆን ከሥራው ጋር እያደረጉ መሄድን ነው።

ይህንም ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁት የቅኔ መምህራኖቻችን ናቸው። በዚህ በደቡብ ጎንደር፣ ለድጓ ወደ ቤተልሔም፣ ለዝማሬና መዋሥዕት ወደ ዙር አምባ፣ ለቅኔም ስሙ ወደ ተጠራው መምህር ሁሉ፣ ለምድ ለብሶና አኩፋዳ አንግቶ ከእናቱ ቤት የወጣው ተማሪ፣ የት እንደሚያድርና ማን እንደሚመጸውተው ተረድቶ አልወጣም። «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ በደጅ ሲቆም፣ ከቁራሹ በፊት የሚቀበለው ውሻው ነው። ቅኔ ሲገባም ሰዋስወ ግእዙን ጨርሶ እስኪያውቅ ድረስ አፉን ይዞ እንዲቀመጥ አይደረግም፤ ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ቀን በዛፍ ጥላ ሥር ወይም በመቃብሩ መካከል ለብቻው ተቀምጦ ቅኔውን ሲቆጥር ይውላል፤ ሲመሽ የቆጠረውን ይዞ ከየኔታ ፊት ይቀርባል። የኔታም ምሥጢሩ የራቀውን ያቀርቡለታል፣ ቤቱ የተሰበረውን ያቀኑለታል፤ አንዳንድ ቀንም አፍርሰው ባዶ እጁን ይሰዱታል። በማግሥቱ ያው ተማሪ ሌላ ይዞ ይመጣል። ስምንት ቤት ያለውን መወድስ የሚቀኘው ሊቅ፣ ያን ሁሉ የተሰበረ ጉባኤ ቃና በየምሽቱ ለማሳየት ያላፈረው ልጅ ነው። የዛሬ ትምህርት ቤቶቻችን ይህን ልማድ ባለመውረሳቸው ብዙ የጎደለብን ይመስለኛል፤ ተማሪዎቻችንን 12 ዓመት ሙሉ ትክክለኛውን መልስ እንጂ የተሰበረውን ይዞ መቅረብን አናስለምዳቸውም።

የቅርቡንም ዘመን ምሳሌ የሚፈልግ፣ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ሲወጣ በፎገራ ያለውን የአውራ አምባን ማኅበረሰብ ጎራ ብሎ ይጠይቅ። አቶ ዙምራ ኑሩ ከልጅነታቸው የእናታቸውን የሥራ ጫና አይተው ያሳደሩትን አሳብ፣ እንደ እብድ እየተቆጠሩም ቢሆን፣ በ1964 ዓ.ም. ከጥቂት ተባባሪዎቻቸው ጋር ማኅበር አቋቁመው በሥራ ገለጡት። በደርግ ዘመን ተሰደው ሲመለሱ መሬታቸው በሌላ እጅ ገብቶ ቢያገኙት፣ በቀረቻቸው ጥቂት ስፍራ ሽመናን ያዙ። በእምነታቸውና በሥርዓታቸው መስማማት የግድ አይደለም፤ እኔም በሁሉ አልስማማም፤ ሰው ምን ይለኛል ሳይሉ መጀመራቸውን ግን አደንቃለሁ።

እነሆ ወደ ዋናው በሽታችን ደረስኩ፤ እርሱም ገንዘብ ማጣት ሳይሆን ይሉኝታ ነው። ባለ ዲግሪው ልጅ ድንች ሲያንከባልል ምን ይሉታል? የእገሌ ልጅ እርጎ ተሸክማ ከሆቴል ሆቴል ስትዞር ምን ይሏታል? ከስሮ ቢመለስስ በሰንበቴው መካከል በምን ፊቱ ይቀመጣል? ይሉኝታ በአገራችን ብዙ ክፉ ነገር የከለከለ፣ ሽማግሌን ያስከበረ፣ ጎረቤትን ከጎረቤት ያስተዛዘነ መልካም ጠባቂ መሆኑን አልክድም፤ ሌባን እንዲከለክል የቆመው ዘበኛ ባለቤቱን ከደጅ ሲመልስ ግን ዝም ሊባል አይገባም። ደግሞም «ምን ይሉኛል» የምንላቸው ሰዎች እነማን እንደሆኑ በስም ቁጠሩ ብንባል፣ ሦስት አራት ላይ እንቆማለን፤ ከእነርሱም ግማሾቹ በራሳቸው ይሉኝታ ተይዘው እኛን ለማየት ጊዜ የሌላቸው ናቸው።

እንግዲህ አሠልጣኞቻችን ስለ ሒሳብ አያያዝ፣ ስለ ገበያና ስለ ብድር በየተራቸው ያስተምሯችኋል፤ በእነርሱ ድርሻ አልገባም። የእኔ ልመና አንድ ነው። ዛሬ ከምሳ በፊት እያንዳንዳችሁ በወረቀት ላይ ያሰባችሁትን ሥራ ሳይሆን፣ ከዚያ ሥራ በመጪው ሰኞ የሚደረገውን ክፍል ብቻ ጻፉ፤ «ወተት ማቅረብ» አትበሉ፣ «ሰኞ ጧት ለሁለት ጎረቤቶቼ ስለ ወተቱ እነግራለሁ» በሉ እንጂ። ከዚያ መጻጉዕ ያጣውን እናንተ አታጡምና፣ ከአጠገባችሁ ያለውን ሰው ስሙን ጠይቁ፤ ወረቀታችሁን ለእርሱ ስጡት፣ የእርሱን እናንተ ያዙ። ማክሰኞ ምሽት ተደዋወሉ። የተሰበረ ጉባኤ ቃና ይዞ የቀረበ ይታረማል፤ ምንም ሳይዝ የቀረበ ግን፣ የኔታ እንደሚያደርጉት፣ ለምን እንደሆነ ሳይጠየቅ ለረቡዕ ይቀጠራል።

ወረቀቱና እርሳሱ በየጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ጉባኤው ተከፍቷል፤ የመጀመሪያውን ተናጋሪ ወደ መድረኩ እጋብዛለሁ።