የዶሜይን ስም ለፈላጊው ሲሸጥ ዋጋው ከየት ይመጣል?



ለዛሬው ንግግር የመረጥሁት ጉዳይ ትንሽ መስሎ ሊታይ ይችላል። አንድ ሰው በዓመት ወደ 10 የአሜሪካ ዶላር እየከፈለ ያስመዘገበው፣ በዶት ኮም የሚያልቅ የዶሜይን ስም አለው እንበል። አንድ ቀን ከማያውቀው ሰው «ይህን ስም ይሸጡታል? በስንት?» የሚል አጭር መልእክት ይደርሰዋል። የሚሰጠው መልስ አንዲት ቁጥር ናት። ይህች ቁጥር ግን ብዙ ገንዘብ ልታስገኝለት፣ ገዢውን ልታሸሽበት፣ ወይም ስሙን ያለ አንዳች ክፍያ ልታሳጣው ትችላለች። ይህ የመጨረሻው እንዴት እንደሚሆን ኋላ እመለስበታለሁ።

እኛ የምጣኔ ሀብት መምህራን ስለ ዋጋ ስናስተምር ብዙ ሻጭ፣ ብዙ ገዢና ተመሳሳይ ዕቃ ካለበት ገበያ እንጀምራለን። እህል በረንዳ ጤፍ የሚሸጥ ነጋዴ ዋጋውን ከጎረቤቱ ይማራል፤ ከጎረቤቱ አስበልጦ ቢጠራ ገዢው ጥቂት እርምጃ ተራምዶ ይሄዳል። የዶሜይን ስም ግን በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው፤ አጥብቆ የሚፈልገውም ሰው ብዙ ጊዜ አንድ ነው። አንድ ሻጭና አንድ ገዢ ብቻቸውን ሲፋጠጡ የምንማረው ንድፈ ሐሳብ የዋጋውን ድንበሮች ይነግረናል እንጂ ዋጋውን አይነግረንም። የታችኛው ድንበር ሻጩ ስሙን ለራሱ ቢያስቀረው የሚያገኘው ጥቅም ነው። የላይኛው ደግሞ ገዢው ስሙን ማጣት የሚያስከፍለው ዋጋ ነው።

በላይኛው ድንበር ላይ ጥቂት ልቆይ። ሻጮች «ይህ ስም ስንት ያወጣል?» ብለው ይጠይቃሉ። በእኔ አመለካከት የሚበጀው ጥያቄ «ይህ ገዢ ያለዚህ ስም እስከ መቼ፣ በምን ጉዳት ሊቆይ ይችላል?» የሚለው ነው። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2004 ሲጀመር አድራሻው «ዘፌስቡክ ዶት ኮም» ነበር። በ2005 በ200,000 ዶላር አሁን የምናውቀውን ስም ገዛና «ዘ» የሚለውን ቅጥያ ጣለ። በ2010 ግን ይኸው ኩባንያ «ኤፍቢ ዶት ኮም» ለሚለው ባለ ሁለት ፊደል ስም ለአሜሪካ ገበሬዎች ማኅበራት ፌዴሬሽን 8.5 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። ሁለተኛው ስም ለሠራተኞች ኢሜይል የታሰበ ነበር፤ ከዋናው አድራሻ ይበልጣል የሚል ያለ አይመስለኝም። በአምስት ዓመት ውስጥ ያደገው ገዢው ነው።

የቴስላ ታሪክ ሌላውን ገጽታ ያሳያል። የመኪና አምራቹ ለብዙ ዓመታት «ቴስላ ሞተርስ ዶት ኮም» በሚለው አድራሻ ሲሠራ ኖረ፤ ወደ «ቴስላ ዶት ኮም» የተሻገረው በ2016 ነው። ኢሎን መስክ በ2018 በጻፈው አጭር መልእክት ስሙን ለማግኘት ከ10 ዓመት በላይ ጊዜና 11 ሚሊዮን ዶላር እንደፈጀ ተናግሯል። «ሞተርስ» የምትለዋ ተጨማሪ ቃል ለገዢው የማትመች ብትሆንም የምታኖር ነበረች። ስለዚህ ሁለቱም ወገን መጠበቅ ቻለ።

መጠበቅ ራሱ ዋጋ አለው። አሪየል ሩቢንስታይን በ1982 ባቀረበው የድርድር ሞዴል፣ ሌላው ሁሉ እኩል ሲሆን፣ ይበልጥ ትዕግሥት ያለው ተደራዳሪ የሚበልጠውን ድርሻ ይወስዳል። በዓመት 10 ዶላር ብቻ የሚያስከፍል ንብረት የያዘ ሰው ታጋሽ ለመሆን ብዙ አይቸገርም። ሆኖም ይህ አስተሳሰብ ሻጩን ሊያታልለው ይችላል። 100 ስሞችን የያዘ ነጋዴ በዓመት 1,000 ዶላር ያህል ለእድሳት ያወጣል። በዓመት አንድ ብቻ ቢሸጥ፣ ያ አንዱ ከ1,000 ዶላር በታች ከሄደ ከስሯል። እርሱ 800 ዶላር ቢቀርብለት «አይሆንም» ማለቱ ስሌት ነው። አንድ ስም ብቻ ያለው ሰው ግን የነጋዴውን ምክር ሰምቶ 800 ዶላሩን ቢመልስ ሁለተኛ ጠያቂ ላይመጣለት ይችላል። በዚህ ጉዳይ የሚሰጡ ምክሮች አብዛኞቹ ከባለብዙ ስሞቹ ነጋዴዎች የሚመጡ ስለሆኑ ለባለ አንድ ስሙ ሰው እንዳሉ መወሰድ የለባቸውም።

በዜና የሚነገሩ ዋጋዎችም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻሉ። «ቮይስ ዶት ኮም» በ2019 በ30 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል። ይህን የሰማ ሁሉ የራሱን ስም በዚያ ሚዛን ማየት ይቃጣዋል። የሚታወጀው ግን የተሸጠው ነው፤ ለዓመታት ጠያቂ ያላገኘው አይታወጅም። አንዳንዱ ቁጥር ደግሞ የስም ዋጋ ብቻ አይደለም። «ቢዝነስ ዶት ኮም» በ1999 በ7.5 ሚሊዮን ዶላር ሲሸጥ የተሸጠው ስም ነበር፤ በ2007 በ345 ሚሊዮን ዶላር ሲሸጥ ግን በስሙ ላይ የተገነባው ድርጅት አብሮ ሄዷል።

ታዲያ ቁጥሩን ማን ቀድሞ ይጥራው? ትቨርስኪና ካነማን በ1974 ባሳተሙት ጥናት፣ ተጠያቂዎቹ ፊት በተሽከረከረ መንኰራኵር 10 ወይም 65 ቁጥር እንዲወጣ ተደረገ። ከዚያም በተባበሩት መንግሥታት ውስጥ የአፍሪካ አገሮች ድርሻ ከመቶ ስንት እንደሆነ ተጠየቁ። 10 ያዩት በመካከለኛ ግምት 25፣ 65 ያዩት 45 አሉ። ከጉዳዩ ጋር ምንም የማይገናኝ ቁጥር ይህን ያህል ከጎተተ፣ ምክንያት ያለው ቁጥር እንዴት አይጎትት? ስለዚህ ገዢው ማን እንደሆነ አጥንቶ ያወቀ ሻጭ ቀድሞ ቢጠራ ይሻለዋል እላለሁ። ገዢው በደላላ ወይም ማንነቱን በማይገልጽ አድራሻ ከመጣ ግን «ያሰቡትን ያቅርቡ» ማለት ይመረጣል።

እዚህ ላይ የእኛን የገበያ ልማድ የሚመለከት አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። መርካቶ ውስጥ የመጀመሪያው ጥሪ የመጨረሻ እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ገዢው «የመጨረሻውን ንገረኝ» ይላል፣ ፊቱን አዙሮ ይራመዳል፣ ሻጩም መልሶ ይጠራዋል። በኢሜይል የሄደ ገዢ ግን ሲሄድ አይታይም። ዝም ይላል፤ በስሙ ላይ አንዲት ቃል ጨምሮ በ10 ዶላር ሌላ ያስመዘግባል። ስለሆነም የመጀመሪያው ቁጥር ከፍ ያለ ይሁን፤ ነገር ግን ሻጩ በሁለት ዓረፍተ ነገር ሊያስረዳው የሚችል ይሁን።

አሁን ወደ ቀጠርሁት ጉዳይ ልመለስ። አይካን በ1999 ያጸደቀው የዶሜይን ስም ክርክሮች መመሪያ እንደ ዶት ኮም ባሉ ስሞች ላይ ይሠራል። አቤቱታ አቅራቢው ስሙ ከንግድ ምልክቱ ጋር እንደሚመሳሰል፣ ያዡ መብት ወይም ሕጋዊ ጥቅም እንደሌለውና በክፉ ልቦና አስመዝግቦ እንደተጠቀመበት ማስረዳት አለበት። ካስረዳ ስሙ ያለ ካሳ ሊተላለፍለት ይችላል። ከክፉ ልቦና ማስረጃዎች አንዱ ስሙን በዋናነት ለምልክቱ ባለቤት ወይም ለተወዳዳሪው፣ ከወጪ በላይ በሆነ ዋጋ ለመሸጥ ማስመዝገብ ነው። በዚህ መመሪያ መሠረት በዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት የታየው የመጀመሪያው ጉዳይ የዓለም ሬስሊንግ ፌዴሬሽንን ስም የሚመለከት ነበር። አስመዝጋቢው በጥቅምት 1999 ስሙን ይዞ በሦስተኛው ቀን ለፌዴሬሽኑ በ1,000 ዶላር ልሽጥልህ አለ። በጥር 2000 ስሙ ለፌዴሬሽኑ እንዲተላለፍ ተወሰነ። 1,000 ዶላር ብዙ ገንዘብ አይደለም፤ ጥፋቱ ያለው በመጠኑ ሳይሆን ስሙ በተያዘበት ዓላማ ላይ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። ተራ የመዝገበ ቃላት ቃል ወይም የቤተሰቡን ስም በቅን ልቦና ያስመዘገበ ሰው ከፍ ያለ ዋጋ መጠየቁ ብቻውን ጥፋተኛ አያደርገውም። የሌላውን የታወቀ ምልክት የያዘ ሰው ግን የላይኛው ድንበሩ እጅግ ዝቅ ይላል፤ ለድርጅቱ የሚቀርበው የአንድ ዳኛ አቤቱታ ክፍያ እስከ አምስት ስም ድረስ 1,500 ዶላር ስለሆነ፣ ገዢው የሚያወዳድረው የሻጩን ቁጥር ከዚህ ክፍያና ከጠበቃው ወጪ ጋር ነው። የሻጩ ደብዳቤም በማስረጃነት እንደሚቀርብ ማሰብ ይገባል።

«ከሀብታም ገዢ የበለጠ መጠየቅ ተገቢ ነውን?» ብለው የጠየቁኝ ተማሪዎች አሉ። ስሙ የኑሮ መሠረታዊ ፍላጎት ባለመሆኑና ገዢው አማራጭ ስላለው እኔ ነውር አይታየኝም፤ ስለ መድኃኒት ብንነጋገር መልሴ ሌላ በሆነ ነበር።

በዋጋው ከተስማሙ በኋላ የሚቀረው የርክክቡ ቅደም ተከተል ነው። ሻጭ ስሙን አስቀድሞ ከለቀቀ ገንዘቡን፣ ገዢም አስቀድሞ ከከፈለ ስሙን ሊያጣ ይችላል። የተለመደው መፍትሔ ገንዘቡን በአደራ የሚይዝ ሦስተኛ ወገን ነው፤ ስሙ በገዢው መለያ መግባቱ ሲረጋገጥ ክፍያው ለሻጩ ይለቀቃል። የአደራ ተቀባዩን ክፍያ ማን እንደሚሸፍን አስቀድሞ በጽሑፍ ይስማሙ፤ ዋጋው ተቆርጦ ካለቀ በኋላ በዚህ ምክንያት የፈረሰ ስምምነት አለና።

አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።