ስለ ማጫ፣ ስለ ጥሎሽና ስለ ሌሎች የስጦታ ቃሎች የተደረገ ንግግር



ቀድሞ ናዝሬት ትባል በነበረችው በአዳማ፣ እንደዚሁም በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱና በሻሸመኔ፣ አማርኛ የሚናገረው ቤተ ሰብና ኦሮምኛ የሚናገረው ቤተ ሰብ ብዙ ጊዜ በጋብቻ ይዛመዳል። ሽማግሎች ተቀምጠው የውሉን ወረቀት በሚያጽፉበት ጊዜ አንዱ ወገን ማጫ ይላል፤ ሁለተኛው ገበራ ይላል፤ ሌላው ደግሞ ከወደ ዳር ሆኖ ጥሎሽ ብሎ ይደመድመዋል። ጸሓፊውም ሦስቱ አንድ ነገር መስለውት ሁሉን በአንድ ስም ይጽፋል። የሠርጉ ዕለት ይህን የሚያስተውል የለም፤ ባልና ሚስት የተጣሉ ዕለት ግን ያች አንዲት ቃል ዳኛ ፊት ትቀርባለች።

ጥሎሽ የሚለው ቃል ጣለ ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። የሙሽራው ወገን ለሙሽራይቱ ቀሚሱን፣ ኩታውን፣ ጫማውንና ወርቁን አምጥቶ በቤተ ሰቦቿ ፊት ያኖረዋል፤ እያንዳንዱም ዕቃ እየተነሣ ለጉባኤው ይታያል። ጎረቤትም ጥሎሹ አማረ፣ ጥሎሹ አነሰ ሲል ይሰነብታል። እንግዲህ ዕቃው ከወንዱ ወገን ተነሥቶ ወደ ሴቲቱ ይሄዳል ማለት ነው። ዳሩ ግን እንግሊዞች ዳውሪ የሚሉትን ቃል ብዙዎች ጥሎሽ ብለው ይተረጕሙታል፤ ዳውሪ ግን የሴቲቱ አባት ከቤቱ አውጥቶ ከልጁ ጋራ የሚሰድደው ሀብት ነው። መንገዱ ተገለበጠ። ተማሪው በሕንድ አገር እ.ኤ.አ. በ1961 ጥሎሽን የሚከለክል ሕግ ወጣ የሚል ቢያነብ፣ ሕንዶች ሙሽራው ቀሚስና ወርቅ እንዳያመጣ ከለከሉ ብሎ ይረዳል። ሕጉን ያስወጣው ግን የሙሽራው ወገን ከሴቲቱ አባት ገንዘብ እየጠየቀ ሴት ልጅ የወለደውን ሁሉ ማስጨነቁ ነበር። ስለዚህ መምህሩ ቃሉን በአንድ ቃል ለመመለስ ከሚቸኵል፣ «አባት ልጁን ሲድር የሚሰጣት ሀብት» ብሎ በረጅሙ ቢተረጕመው ይሻላል።

ማጫ ደግሞ ከአጨ ይወጣል። አጨ የግዕዙ ሐፀየ ነው፤ የግዕዙ ዐፀደ በአማርኛ አጨደ እንደ ሆነ፣ በዚህም ፀ ወደ ጨ ተለውጧል። እጮኛ ማለትም ከዚያው የመጣ ነው። ማጫ እንግዲህ የሚታጭበት ነገር ማለት ነው እንጂ ማን እንደሚሰጠው ቃሉ ራሱ አይናገርም፤ ያገሩ ልማድ ይወስነዋል። በአንዳንድ አገር የሚሰጠው የወንዱ ወገን ብቻ ነው። በጎጃምና በጎንደር ገበሬ ዘንድ ግን ሁለቱም ወላጆች እኩል ለእኩል ከብቱንና እህሉን እያወጡ ልጆቻቸውን ጐጆ ያወጣሉ፤ ያንዱ አባት በሬ ሲቈጠር ያንዱም ይቈጠራል።

መጻሕፍትን ለሚያውቁ ሽማግሎች ይህ ልዩነት እንግዳ አይደለም። ያዕቆብ ስለ ራሔል ሰባት ዓመት ለላባ በግ ጠበቀ፤ ልያን ከሰጠውም በኋላ ሰባት ዓመት ጨመረ። ይህ ከአማች ወደ አማት የተከፈለ ነው። የካሌብ ልጅ ዓክሳ ግን ባገባች ጊዜ ከአባቷ ምድር ተቀበለች፤ ምድሩ ደረቅ ቢሆንባት የውሃ ምንጭ ጨምርልኝ ብላ አባቷን ለመነች፤ እርሱም ሰጣት። ብልህ ልጅ ነበረች፤ ውሃ የሌለበት መሬት ምን እንደሚረባ ታውቅ ነበርና።

የኦሮሞ ሕዝብ ገበራ የሚለው የሙሽራው ወገን ለሙሽራይቱ ወገን የሚሰጠው ነው፤ ጥንት የሚቈጠረው በከብት ነበር። አማርኛ የለመደ ጆሮ ይህን ቃል ሲሰማ ገበረ፣ ግብር የሚለው ይመጣበታል፤ ሴቲቱም እንደ ተሸጠች ይቈጥረዋል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ከብቱን የሚያዋጣው ሙሽራው ብቻውን ሳይሆን ዘመዱ ሁሉ ነው፤ የሚቀበለውም ወገን እንደዚሁ ብዙ ነው፤ በዚህም ሁለት ወገን ይተሳሰራል። የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ፣ የወንጂም ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከዠመረ ወዲህ የወር ደመወዝ የሚቀበል ሰው በአገሩ በዛ፤ በከብት ፋንታ ገንዘብ ገባ። በመተሐራ ያሉት ከረዩዎችም የሸንኮራ እርሻውና የአዋሽ ፓርክ ግጦሻቸውን ካጠበቡባቸው በኋላ ከብቱ እንደ ቀድሞው አይገኝም። ከብት ዘመድ ያዋጣዋል፤ ገንዘብ ግን በወጣቱ ጫንቃ ላይ ብቻ ይወድቃል፤ ሽማግሎች የገበራውን ልክ ሲቈርጡ ሊያስቡት የሚገባ ይህ ነው።

በአርሲ ደግሞ በገንዘብ የማይተመን ስጦታ አለ። ልጅቱ ስትዳር እናቷ ሲንቄ የሚባል ቀጭን በትር ታስይዛታለች። ይህ በትር የሴት ልጅ መብት ምልክት ነው፤ ባል ቢበድላት፣ ክብሯ ቢነካ፣ ሴቶች ሁሉ ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ በደሉም በሽማግሎች ካልታረቀ አይመለሱም። በእስላሞቹ ቤተ ሰቦች ዘንድ መህር የሚባለውም ከገበራ የተለየ ነው፤ መህር የሙሽራይቱ የራሷ ገንዘብ እንጂ የአባቷ አይደለም።

ሀብት የሚለው ቃል ራሱ በግዕዝ ወሀበ፣ ማለት ሰጠ፣ ከሚለው የወጣ ነው፤ ሀብተ ማርያም የሚባል ሰው የማርያም ስጦታ ተብሎ መጠራቱ ነው። ካህናት መባ የሚሉት አብአ፣ ማለት አገባ፣ ከሚለው ይወጣል፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚገባ ነውና። እጅ መንሻ ለትልቅ ሰው በአክብሮት የሚቀርብ ነበር፤ መማለጃ ሲሆን ግን ነገር አለበት። ጉቦ የሚሰጥ ሰው ጉቦ ብሎ በስሙ አይጠራውም፤ ቀድሞ እጅ መንሻ ይለው ነበር፤ በከተማ ደግሞ ለሻይ ይለዋል።

ወደ ጋብቻው ወረቀት ስንመለስ፣ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም፣ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግም፣ ኦሮሚያ በ1995 ዓ.ም. ያወጣው ሕግም በዚህ ነገር አንድ መንገድ ይከተላሉ። ባልና ሚስት በተጋቡ ቀን የነበራቸው፣ ኋላም በውርስ ወይም በስጦታ ለየራሳቸው ያገኙት የየግላቸው ነው። ለሁለቱ በአንድነት የተሰጠ ግን የጋራ ነው። የግል መሆኑ ያልተረጋገጠ ንብረት ሁሉ እንደ ጋራ ይቈጠራል። «አንዲት ላም ተሰጠች» ብሎ መጻፍ እንግዲህ ምንም አይበቃም፤ ማን እንደ ሰጠና ለማን እንደ ተሰጠች ስማቸው ይጻፍ፤ ሰጪውና ምስክሮቹም ይፈርሙ። ላሟ ለሙሽራይቱ ተሰጥታ እንደ ሆነ የእርስዋ ናት፤ ከወተቷ ሽያጭ የሚገኘው ገቢ ግን የቤቱ የጋራ ገንዘብ ነው፤ ይህም ለሁለቱ ወገን አስቀድሞ ይነገራቸው።