በሌሊት የሚጠሩ ጎረቤቶች
(ለአጥቢያ ተወካዮችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ነው። ስለዚህ ነገር በዚሁ አዳራሽ ብዙ ተነግሯል፤ አንዳንዶቻችሁም «ደግሞ መጡብን» ብላችሁ ይሆናል። ስለዚህ ዛሬ ከሩቅ፣ በእንግሊዝ አገር በውቅያኖስ ዳርቻ ከሚኖሩ ሰዎች እንጀምር። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጠራለን።

በኮርንዎል ጠረፍ ማውዝል የምትባል ትንሽ የዓሣ አጥማጆች መንደር አለች። በ1981 ዓ.ም. ዲሴምበር 19 ቀን ምሽት፣ የልደት በዓል ሊገባ ስድስት ቀን ሲቀረው፣ በዚያ ባሕር ላይ ብርቱ ማዕበል ተነሣ። «ዩኒየን ስታር» የምትባል አዲስ መርከብ ከኔዘርላንድ ማዳበሪያ ጭና ወደ አየርላንድ የመጀመሪያ ጉዞዋን ታደርግ ነበር። የባሕር ውኃ ከነዳጇ ጋር ተቀላቅሎ ሞተሯ ጠፋ፤ ነፋሱም ወደ ቋጥኙ ይገፋት ጀመር። በውስጧ ስምንት ነፍስ ነበረ፤ ከእነርሱም መካከል የመርከቡ አዛዥ ሚስትና ሁለት የእንጀራ ልጆቹ ይገኙ ነበር። ሄሊኮፕተር መጥቶ ገመድ ሊያወርድላቸው ቢሞክርም ከነፋሱ ብርታት የተነሣ አልቻለም።

ያን ጊዜ የመንደሩ የነፍስ አድን ጀልባ «ሰሎሞን ብራውን» ተጠራች። ርዝመቷ ዐሥራ አራት ሜትር ያህል፣ ከእንጨት የተሠራች ጀልባ ነበረች። የጀልባዋ መሪ ትሬቬልያን ሪቻርድስ ከመጡት ሰዎች መካከል ሰባት መረጠ። ከመጡት አንዱ አባቱ አስቀድሞ የተመረጠ ወጣት ነበር። መሪው በእንዲህ ያለ ሌሊት ከአንድ ቤት ሁለት ሰው አልወስድም ብሎ ልጁን መለሰው። እዚህ ላይ ጥቂት ቆም እንበል፤ ይህ ሰው በዚያ ጥድፊያ ውስጥ ሆኖ ስለሚቀረው ቤተሰብ አሰበ።

ጀልባዋ ከመርከቧ ጎን ለመጠጋት ደጋግማ ሞከረች። ማዕበሉ አንድ ጊዜ አንሥቶ በመርከቧ ጣራ ላይ ጣላት፤ ተንሸራትታም ወደ ባሕሩ ተመለሰች። በመጨረሻ አራት ሰዎች መያዛቸውን በሬዲዮ አስታወቁ። ወዲያው የሬዲዮው ድምፅ ተቋረጠ። ከሁለቱም ወገን አንድ ሰው አልተረፈም፤ በጠቅላላው 16 ነፍስ ጠፋ። በማግስቱ ግን ከዚያው መንደር በሟቾቹ ፋንታ ጀልባ ላይ እንውጣ የሚሉ ሰዎች ተገኙ። ያ የተመለሰውም ወጣት ከዓመታት በኋላ የዚያው ጣቢያ ጀልባ መሪ ሆነ። ማውዝል እስከ ዛሬ በየዓመቱ በዚያች ዕለት ምሽት የበዓል መብራቷን ለአንድ ሰዓት ታጠፋለች።

ይህን ታሪክ ብዙ ሰባኪዎች ይወዱታል፤ እኛም እንወደዋለን። ነገር ግን የጀግኖቹን ነገር ብቻ ተናግረን ብንቀመጥ እውነቱን በግማሽ መናገር ይሆናል። እነዚህ ሰዎች ብቻቸውን አልወጡም። ከኋላቸው በ1824 በለንደን የተቋቋመ ማኅበር ነበረ። አሳቡን ያመነጨው ዊልያም ሂላሪ የሚባል፣ በማን ደሴት የሚኖር ሰው ነው። መርከቦች በቤቱ አንጻር ሲሰበሩ አይቶ በ1823 ለሕዝቡ የጥሪ ጽሑፍ አወጣ። በጽሑፉም ጀልባ ይሠራ ብቻ አላለም፤ ሌላውን ለማዳን ሲወጡ የሚሞቱት ሰዎች ሚስቶችና ልጆች እንዲታሰቡ ጭምር ጠየቀ። ይህ አሳብ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብሮ ነበረ። ዛሬም ማኅበሩ በአገልግሎት ላይ ለሞተ ሰው ቤተሰብ ጡረታ ይከፍላል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል? በአመዛኙ ከሕዝብ ስጦታ ነው። ቀድሞ ከጥቂት ባለጠጎች ይሰበሰብ ነበር። በ1886 ግን «ሜክሲኮ» የምትባል መርከብን ለመርዳት ከወጡት መካከል ከሁለት ጀልባዎች 27 ሰዎች በአንድ ሌሊት አለቁ። የመርከቧን ሰዎች ያዳነችው ሦስተኛዋ ጀልባ ናት። ከዚህ ኀዘን በኋላ በ1891 በማንቸስተር ከተማ ጀልባ በጎዳና እየተጎተተ፣ ከሠራተኛውና ከቤት እመቤቷ ሳንቲም ተሰበሰበ። ማንቸስተር ከባሕር የራቀች የፋብሪካ ከተማ ናት። ከሰጪዎቹ ብዙዎቹ በነፍስ አድን ጀልባ ለመዳን ምክንያት አልነበራቸውም፤ ሆኖም ሰጡ።

ስለዚህ የበጎ ፈቃድ ሥራ ወጪ የለበትም የሚል ቢኖር ተሳስቷል። ዛሬ ማኅበሩ ከ230 በላይ ጣቢያዎች አሉት። ከሚያገለግሉት ብዙዎቹ የባሕር ሰዎች አይደሉም፤ አናጢ፣ መምህር፣ ባለ ሱቅ ናቸው። ቀድሞ ርችት ተተኩሶ ይጠሩ ነበር፤ አሁን በኪስ በሚያዝ መሣሪያ ይጠራሉ፤ ሥራቸውን ጥለው ይሮጣሉ። ደመወዝ የላቸውም። ነገር ግን ጀልባው ቢገለበጥ መልሶ የሚቃና ነው፤ ልብሳቸው ከውኃና ከብርድ ይጠብቃል፤ በጨለማ በተገለበጠ ጀልባ ሥር እንዴት እንደሚወጡ በትምህርት ቤት በገንዳ ውስጥ ይለማመዳሉ። በ1861 በዊትቢ ጀልባ ተገልብጣ ከ13 ሰዎች 12ቱ ሲሞቱ፣ የተረፈው አዲሱን የቡሽ ተንሳፋፊ ሰደርያ የለበሰው አንዱ ብቻ ነበር። በዚያን ዘመን ሰደርያውን ሁሉም አልለበሰውም።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ባለፈው ክረምት በአንድ የቆላ አጥቢያችን ወንዝ ሞልቶ ቤቶችን ከበበ። የወጣት ክፍሉ ልጆች በገመድ እየተያያዙ ሽማግሌዎችንና ሕፃናትን አወጡ። ከእነርሱ አንዱ አንዲት አሮጊት ተሸክሞ ሲሻገር ግንድ መታውና እግሩ ተሰበረ። እርስዋ ዳነች፤ እርሱ አራት ወር ተኛ። ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር የቀን ሥራ እየሠራ የሚኖር ሰው ነው። ወደ ቢሯችን ሲመጡ ምን መለስን? «በበጀታችን ለዚህ የተመደበ አርእስት የለም» አልን። በእጃችን ያለው ደብዳቤ ይህን ይላል፤ የፈረምነውም እኛው ነን። በመጨረሻ በአጥቢያው ቆብ ዞሮ ጥቂት ብር ተሰበሰበ። በዚህ ዓመት ወጣቶቹን ለጎርፍ ዝግጅት ስንጠራ የመጡት ከግማሽ በታች ናቸው። አንዳንድ ባልደረቦቻችን «ዘመኑ ከፋ፣ ያለ አበል የሚሠራ ጠፋ» ይላሉ። እኛ ግን ነገሩ የአበል ብቻ አይመስለንም። ወጣቶቹ የጓደኛቸውን አራት ወር አይተዋል።

ሌላም የምንጨምረው አለ። በ2021 ክረምት በእንግሊዝ ባሕር ሰርጥ በትናንሽ ጀልባ የሚሻገሩ ስደተኞችን ያ ማኅበር ስላወጣ ብዙ ነቀፋ ወረደበት። ማኅበሩም በአደጋ ላይ ያለውን ሁሉ እናወጣለን፣ ማንነቱን አንጠይቅም ሲል መለሰ፤ የሕዝቡም ስጦታ በዚያ ወራት ጨመረ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 24 ቀን በዚሁ ሰርጥ ቢያንስ 27 ሰዎች ሰጠሙ፤ በሕይወት የተገኙት ሁለት ብቻ ናቸው። ከሟቾቹ መካከል ኢትዮጵያውያን ነበሩ። የእኛም ልጆች ከባሕሩ ዳር ሩቅ አይደሉም ማለት ነው። ወደ የመን በሚወስደው ባሕር የቀሩትንማ እናንተ ከእኛ ይልቅ ታውቃላችሁ፤ ልቅሶው በየቤታችሁ ተቀምጧል።

የሐዋርያት ሥራ 27 ላይ የጳውሎስን ጉዞ ስናነብ በመርከቡ የነበሩት 276 ነፍስ እንደነበሩ ተጽፎ እናገኛለን። እስረኛው፣ ወታደሩ፣ ነጋዴው አንድ ላይ ተቈጠሩ። ወደ መላጥያ ሲደርሱም የደሴቲቱ ሰዎች እነማን እንደሆኑ ሳይጠይቁ ለብርዱ እሳት አነደዱላቸው። እንጨቱን የለቀመው ማን እንደሆነ ስሙ አልተጻፈም፤ ጳውሎስ ግን ራሱ ጭራሮ ሰብስቧል።

ስለዚህ ለዚህ ስብሰባ የምናቀርበው ሦስት ነገር ነው። ጎርፍ በሚያሰጋቸው አጥቢያዎች ሁሉ ገመድ፣ ፋኖስና ቦት ጫማ ከክረምት በፊት ተገዝቶ ይቀመጥ፤ ወጣቶቹም ከሚያዝያ ጀምረው ይለማመዱ። ከአንድ ቤት ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ወደ ውኃ አይግባ። ለተጎዳ በጎ ፈቃደኛና ለቤተሰቡ የሚሆን አርእስት በሚመጣው በጀት ይከፈት፤ ለዚህም እያንዳንዱ አጥቢያ በወር አንድ እሑድ መባ እንዲለይ እንጠይቃለን። እግሩ የተሰበረው ወንድማችን ዛሬ ከእናንተ ጋር በኋለኛው ወንበር ተቀምጧል። ደብዳቤያችንን መልሰን እንድንጽፍለት ፍቃዳችሁን እንለምናለን። ውይይቱ ከሻይ በኋላ ይቀጥላል።