ቪዲዮው የት ገባ?

በፓወርፖይንት የተዘጋጀ ገለጻ ቤት ሲሞከር ቪዲዮው በደንብ ይሠራል። አዳራሽ ውስጥ በሌላ ኮምፒውተር ሲከፈት ግን አይንቀሳቀስም። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ቪዲዮው ከመጀመሪያውም ሰነዱ ውስጥ አለመኖሩ ነው።

ድምፅና ቪዲዮ ወደ ሰነድ የሚገቡት በሁለት መንገድ ነው፦ ፋይሉን ራሱን በመክተት፣ ወይም ያለበትን ቦታ በመጠቆም ብቻ። የተጠቆመ ፋይል ሰነዱን ተከትሎ አይሄድም፤ አብራችሁ ካልወሰዳችሁት ቀረ። በፓወርፖይንት 2007 ቪዲዮ ይጠቆም ነበር እንጂ አይከተትም፤ መክተት የመጣው ከ2010ሩ እትም ወዲህ ነው። የዩቲዩብ ቪዲዮ ደግሞ ዛሬም ኢንተርኔት ይፈልጋል። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አካባቢ ለሚያስተምር መምህር መክተቱ ይሻላል እላለሁ።

እርግጥ ሰነዱ ይከብዳል። በሲዲ ጥራት የተቀዳ የ1 ደቂቃ ድምፅ 10 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል፤ በኤምፒስሪ ሲታመቅ ወደ 1 ሜጋባይት ይወርዳል። ጂሜይል በአባሪነት የሚልከው እስከ 25 ሜጋባይት ስለሆነ፣ ከመክተታችሁ በፊት የማያስፈልገውን ቁረጡ፣ የቀረውን እመቁ። ለቪዲዮ ኤምፒፎርን ምረጡ።

ሰነድ ውስጥ የተከተተ ፋይልም አንድ ቀን ላይከፈት ይችላልና ዋናውን ቅጂም ለብቻው አስቀምጡ። አዶቤ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ፍላሽ የተባለውን ማጫወቻ ሲያቆም፣ በፍላሽ የተሠሩ ቪዲዮዎች ፒዲኤፍ ውስጥ እንዳሉ መጫወት አቆሙ።

አደራ የምለው ግን በድምፁ ወይም በቪዲዮው የተነገረውን ከሥሩ በጽሑፍ እንድታስቀምጡ ነው። መስማት የተሳነው ተማሪም ትምህርቱን የማግኘት መብት አለው።