የጉድጓዱ ግድግዳ በስንት ዲግሪ ይቁም?
ስለ ክፍት ማዕድን ማውጫዎች ደኅንነት በለንደን የቀረበ ንግግር



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ቁጥር ነው፤ የክፍት ማዕድን ማውጫ ግድግዳ ስለሚቆምበት የማዕዘን ልክ። ቁጥሩ በመሐንዲሶች ሰነድ ውስጥ ስለሚቀመጥ የእኛ ጉዳይ አይመስለንም። ግድግዳው ሲደረመስ ግን ከሥሩ የሚገኙት ሰነዱን አይተው የማያውቁ ሠራተኞች ናቸው።

ጥልቀቱ 200 ሜትር፣ ርዝመቱ 1 ኪሎ ሜትር የሆነ ግድግዳ በዓይነ ኅሊናችሁ ሣሉ። ከ45 ዲግሪ ወደ 46 ዲግሪ ቀጥ ቢል፣ ወደ 700 ሺህ ሜትር ኩብ የሚጠጋ ዓለት ሳይቆፈርና ሳይጓጓዝ ይቀራል። አንዲት ዲግሪ ይህን ያህል ወጪ ታድናለች። ቁጠባው ዛሬ የባለሀብቱ ነው፤ ሥጋቱ ግን ለነገ ይተላለፋል፤ የሚሸከመውም ሌላ ሰው ነው።

ተዳፋትን የሚያጸኑት ወይም የሚጥሉት በዋናነት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ የዓለቱ ጥንካሬ፣ የስንጥቆቹ አቅጣጫና ውኃ። ስንጥቆቹ ወደ ጉድጓዱ ካዘነበሉ ጠንካራ የሚባል ዓለት እንኳ ሊንሸራተት ይችላል። በስንጥቆቹ መካከል የሚጠራቀም ውኃ ደግሞ ዓለቱን ወደ ውጭ ይገፋል፤ ሰበቃውንም ያዳክማል። ስለዚህ መሐንዲሶች ግድግዳውን በእርከን ይከፋፍላሉ፣ የከርሰ ምድሩን ውኃ ያስወጣሉ፣ ከዚያም ግድግዳውን የሚይዘውን ኃይል ለሚጥለው ኃይል ያካፍላሉ። ውጤቱ 1 ከሆነ ግድግዳው በአፋፍ ላይ ነው። ለአጠቃላይ ግድግዳ በሙያው የተለመደው ምጣኔ ከ1.2 እስከ 1.5 ሲሆን፣ ምርጫው መደርመስ ቢከሰት በሚደርሰው ጉዳት መጠን ይወሰናል። የጉዳቱን መጠን መመዘን ደግሞ ከሒሳብ አልፎ የሕዝብ ጥያቄ ይሆናል።

ብሪታንያ ይህን በመራራ ሐዘን ተምራዋለች። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 21 ቀን 1966 በዌልስ አበርፋን መንደር፣ በምንጭ ላይ የተከመረ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ተረፈ አፈር ተንዶ 144 ሰዎችን ገደለ፤ ከእነርሱም 116ቱ ሕፃናት ነበሩ። አጣሪው ጉባኤ ኃላፊነቱን በብሔራዊ የድንጋይ ከሰል ቦርድ ላይ ጣለ፤ በ1969ም የአፈር ክምሮችን የሚቆጣጠር ሕግ ወጣ። በ1999 የወጣው የካባ ሥራዎች ደንብ ደግሞ ከፍተኛ አደጋ ሊያስከትሉ የሚችሉ ቁፋሮዎችና ክምሮች በጂኦቴክኒክ ባለሙያ እንዲገመገሙ ያስገድዳል።

ሁለተኛው ምሳሌ ከአሜሪካ ነው። በዩታ የሚገኘው የቢንግሃም ካንየን የመዳብ ማዕድን፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚህ ለንደን የሆነው የሪዮ ቲንቶ ንብረት ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 10 ቀን 2013 ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ ዓለት ከግድግዳው ተንሸራተተ፤ ነገር ግን አንድም ሰው አልሞተም። ራዳርና ሌሎች መሣሪያዎች የግድግዳውን እንቅስቃሴ ቀድመው ስላሳዩ ሠራተኞቹ አስቀድመው ወጥተው ነበር። ተራራ መናዱ ብቻውን እልቂት አያመጣም፤ የሚለካና የሚያስጠነቅቅ ካለ ሰው ይተርፋል።

አገራችንም የተዳፋትን ቁጣ ታውቀዋለች። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ቆሼ የማዕድን ጉድጓድ አልነበረም፤ ትምህርቱ ግን አንድ ነው፤ ቤቶች በክምሩ ግርጌ ነበሩ። ዛሬ ደግሞ በምዕራብ ወለጋ የቱሉ ካፒ ወርቅ በክፍት ጉድጓድ እንዲወጣ ታቅዷል፤ የፕሮጀክቱ ባለቤት ኬፊ አክሲዮኑን የሚሸጠው በዚሁ በለንደን ገበያ ነው። ይህን የማነሣው ጥፋት አግኝቼበት አይደለም። የክረምቱ ዝናብ የሚበረታበት አካባቢ በመሆኑ የውኃው ጥያቄ ከቁፋሮው በፊት እንዲመለስ ስለምሻ ነው።

ከብራዚሉ የብሩማዲኞ አደጋ በኋላ በ2020 የወጣው ዓለም አቀፍ መስፈርት የማዕድን ዝቃጭ ግድቦች መረጃ ለሕዝብ ይፋ እንዲሆን ይጠይቃል። መስፈርቱ የጉድጓዱን ግድግዳ ግን አይመለከትም። ስለዚህ ሦስት ነገሮችን እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ በለንደን ገበያ ገንዘብ የሚያሰባስቡ የማዕድን ኩባንያዎች የግድግዳቸውን የደኅንነት ምጣኔ፣ የመረጡበትን ምክንያትና የክትትል ዕቅዳቸውን ይፋ እንዲያደርጉ የእንግሊዝ የሕግ አውጪዎች ያስገድዱ።

ሁለተኛ፣ የኢትዮጵያ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ግምገማው ለሕዝብ ቀርቦ አስተያየት እንዲሰጥበት ይደነግጋል። የተዳፋት ንድፉ አጭር ማብራሪያም ነዋሪው በሚረዳው ቋንቋ ተጽፎ ከግምገማው ጋር ይቅረብ።

ሦስተኛ፣ ንድፉን ከኩባንያው ነፃ የሆነ ባለሙያ ይመርምረው፤ ግድግዳው መንቀሳቀሱን መሣሪያ ባሳየ ጊዜም ሥራ የማስቆም ሥልጣን በቦታው ላለ ኃላፊ በጽሑፍ ይሰጠው።

የምጠይቀው ማዕድን እንዲዘጋ አይደለም፤ ወርቁ ለአገሪቱም ለአካባቢውም ያስፈልጋል። ያቺ አንዲት ዲግሪ ግን በማን ሕይወት ላይ እንደተቆጠረች፣ ግድግዳው ሥር የሚውለው ሰው አስቀድሞ የማወቅ መብት አለው።