አሮጌ አምፕሊፋየሮችን ስለ መጠገንና ስለ ማመዛዘን

(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ከጥገናው ቡድን የተሰጠ ንግግር)



በሙዚቃ ክፍላችን ጥግ አንድ አሮጌ የቫልቭ አምፕሊፋየር እንደ ተቀመጠ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ስለዚሁ ዕቃ ባለፉት ሳምንታት በመካከላችን ሁለት ወገን ተፈጥሯል። አንዱ ወገን «ጊዜው ያለፈበት ብረት ነው፤ ይጣልና አዲስ ይገዛ» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «የዛሬ ዕቃ የዱሮውን ድምፅ ከቶ አይሰጥም፤ ማንም እንዳይነካው» ይላል። ማኅበሩ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት እኛ የጥገናው ቡድን አባሎች አሳባችንን እንድንገልጽ ስለ ተጠየቅን ዛሬ በፊታችሁ ቆመናል።

አሳባችን ባጭሩ ይህ ነው። ሁለቱም ወገኖች ምስክር ሳይሰሙ ፈርደዋል። አሮጌ አምፕሊፋየር ሳይጠገን ቢመዘን፥ የሚመዘነው የሠሪው ጥበብ ሳይሆን የዕቃው እርጅና ነው። ተጠግኖም ቢሆን ስሙና መልኩ እየታየ ቢመዘን፥ የሚመዘነው ዝናው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ጥገናው ይቅደም፤ ከዚያ በኋላ ጆሮ ብቻውን ይፍረድ እንላለን።

አምፕሊፋየር ማለት ከሸክላ ማጫወቻ ወይም ከሌላ መሣሪያ የሚመጣውን ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት ስፒከርን ለማንቀሳቀስ እስኪችል ድረስ የሚያጐላ ዕቃ ነው። ሥራው ማጕላት እንጂ መለወጥ አይደለም። የገባውና የወጣው ምልክት ከመጠን በቀር ልዩነት ከሌላቸው ሥራውን ፈጽሟል ማለት ነው። ይህን ማድረግ ግን ቀላል አልነበረም፤ ቫልቭም ሆነ ትራንዚስተር ምልክቱን ሲያጐላ ጥቂት ያዛባዋልና።

ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው። በ1927 ዓ.ም. ሃሮልድ ብላክ የተባለ የቤል ላቦራቶሪ መሐንዲስ በጀልባ ወደ ሥራው ሲሻገር መዛባትን የሚቀንስ ዘዴ አገኘ። ዘዴውም ከአምፕሊፋየሩ መውጫ ላይ ጥቂቱን ምልክት ወስዶ በተቃራኒ አኳኋን ወደ መግቢያው መመለስ ነው። እንዲህ ሲደረግ የማጕላት ኃይሉ ይቀንሳል፤ ነገር ግን መዛባቱም ዐብሮ ይቀንሳል። በ1947 ዓ.ም. ደግሞ ዊሊያምሰን የተባለው መሐንዲስ «ዋየርለስ ዎርልድ» በተባለው የእንግሊዝ መጽሔት ላይ በዚሁ ዘዴ የሚሠራ የ15 ዋት አምፕሊፋየር ንድፍ አወጣ። መዛባቱ ከ0.1 በመቶ በታች ስለ ነበረ፥ በልዩ ልዩ አገር የነበሩ የሙዚቃ ወዳጆች ንድፉን እየተከተሉ በየቤታቸው ሠሩት።

ጥገናንና ማመዛዘንን ባንድ ምሳሌ ለማሳየት የአንድ ኩባንያ ሦስት ዕቃዎች ይበቁናል። በእንግሊዝ አገር ፒተር ዎከር በ1936 ዓ.ም. ያቋቋመው ኩባንያ «ኳድ» በተባለው ስም ሦስት ታዋቂ የኃይል አምፕሊፋየሮችን አውጥቷል። የመጀመሪያው በ1953 ዓ.ም. የወጣው ኳድ 2 ነው፤ በቫልቭ የሚሠራ ሆኖ ኃይሉ 15 ዋት ነው። ሁለተኛው በ1967 ዓ.ም. የወጣው ኳድ 303 በትራንዚስተር የሚሠራ ሲሆን ለያንዳንዱ ወገን 45 ዋት ይሰጣል። ሦስተኛው በ1975 ዓ.ም. የወጣው ኳድ 405 ነው። በዚህ ውስጥ አንድ ትንሽና ጥንቁቅ አምፕሊፋየር ትልልቆቹን ትራንዚስተሮች እየተቈጣጠረ ያሠራቸዋል፤ ኃይሉም ለያንዳንዱ ወገን 100 ዋት ነው።

እንግዲህ ከነዚህ አንዱ፥ ለምሳሌ ኳድ 2፥ ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በኋላ ከመጋዘን ወጥቶ በጠረጴዛችን ላይ ቢቀመጥ ምን እናገኛለን? በውስጡ ኬቲ 66 የተባሉ ሁለት የኃይል ቫልቮች፥ ኢኤፍ 86 የተባሉ ሁለት ትናንሽ ቫልቮች፥ እንዲሁም ተለዋዋጩን ኤሌክትሪክ ቀጥታ የሚያደርግ ጂዜድ 32 የተባለ አንድ ቫልቭ አሉ። ሰው ሁሉ ዓይኑን የሚጥለው በነዚህ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ችግሩ የሚገኘው ግን ከብረቱ ሥር በተሰወሩት ርካሽ ዕቃዎች ዘንድ ነው።

አንደኛው ችግር ምልክቱን ከትናንሾቹ ቫልቮች ወደ ትልልቆቹ የሚያሻግሩት ካፓሲተሮች ናቸው። እነዚህ ሙዚቃውን አሳልፈው ቀጥታውን ቮልቴጅ ማገድ አለባቸው። ሲያረጁ ግን ማገዱ ቀርቶ ማፍሰስ ይጀምራሉ። ያን ጊዜ የኃይሉ ቫልቭ ልጓሙ እንደ ተፈታለት በቅሎ ከመጠን በላይ ይሮጣል፤ በውስጡ ያለው ብረት ይቀላል፤ ቶሎ ካልተደረሰለትም ተተኪው በቀላሉ የማይገኘውን የመውጫ ትራንስፎርመር ያቃጥላል። ሁለተኛው ችግር ከካርቦን የተሠሩት ሬዚስተሮች ናቸው፤ በዕድሜ ብዛት ኦማቸው እየጨመረ ይሄድና እኩል መሥራት የሚገባቸው ሁለቱ ወገኖች ይበላለጣሉ። ሦስተኛው ችግር የኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሮች በውስጣቸው ያለው ፈሳሽ መድረቁ ነው፤ ያን ጊዜ ሙዚቃው በሌለበት እንኳ ስፒከሩ ያጕረመርማል። ትራንዚስተሮቹም ቢሆኑ ከዚህ አላመለጡም። በኳድ 303 ውስጥ ስፒከሩ የሚገናኘው በትልቅ ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር በኩል ስለ ሆነ፥ ይህ ሲደርቅ ወፍራሙ የሙዚቃ ድምፅ ይሳሳል።

የጥገናው ሥራ በግምት ሳይሆን በልክ የሚሠራ ነው። በኳድ 2 ውስጥ ከሁለቱ የኃይል ቫልቮች ካቶድ ሥር አንድ የ180 ኦም ሬዚስተር አለ። በደኅናው ጊዜ በዚህ ሬዚስተር ላይ 26 ቮልት ገደማ ይገኛል። 26ን ለ180 ብናካፍል 0.144 አምፔር ይሆናል፤ ይኸውም ለያንዳንዱ ቫልቭ 72 ሚሊአምፔር ገደማ ማለት ነው። ከዚህ እጅግ የበለጠ ከተገኘ የሚያፈስ ካፓሲተር ወይም የተበላሸ ቫልቭ አለ፤ እጅግ ካነሰም ቫልቮቹ ደክመዋል። አንድ ሬዚስተርና አንድ ቮልት መለኪያ ከብዙ ሰዓት ክርክር ይልቅ ይነግሩናል።

እዚህ ላይ ስለ አደጋው ሳንናገር አናልፍም። በቫልቭ አምፕሊፋየር ውስጥ ከ300 ቮልት በላይ አለ፤ ካፓሲተሮቹም ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላ ይህን ቮልቴጅ ይዘው ሊቈዩ ይችላሉ። ስለዚህ ማንም ብቻውን አይሥራ። ክዳኑ ከተከፈተ በኋላ ካፓሲተሮቹ በሬዚስተር በኩል ይራገፉ፤ መራገፋቸውም በመለኪያ ይረጋገጥ። ብዙ ዘመን የተቀመጠ ዕቃም በድንገት ኤሌክትሪክ አይሰጠው። መጀመሪያ የዱሮው ዓይነት ባለ ክር አምፖል በመካከል በተከታታይ ይያያዝ፤ አምፖሉ ደምቆ በርቶ ከቀረ በውስጡ ሾርት አለ ማለት ነውና ይነቀል። እንደዚሁም ባገራችን ያለው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ስለ ሆነ፥ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ዕቃ፥ ለምሳሌ በ1959 ዓ.ም. የወጣው ዳይናኮ ስቴሪዮ 70፥ ለ120 ቮልት ገደማ የታሰበ መሆኑ ሳይረሳ ቮልቴጅ በሚቀንስ ትራንስፎርመር በኩል ይያያዝ።

ሌላም የምናሳስበው ነገር አለ። መጠገንና ማሻሻል አንድ አይደሉም። የተበላሸውን ካፓሲተር ልኩ እኩል በሆነና ቮልቴጁን በሚችል አዲስ ካፓሲተር መተካት ጥገና ነው። «እኛ ከሠሪው እናውቃለን» ብሎ ንድፉን መለወጥ ግን ሌላ ዕቃ መሥራት ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመዘነው የኛ አሳብ እንጂ የፒተር ዎከር ሥራ አይሆንም። ከመጀመሪያው በፊት ሁሉም ነገር በፎቶግራፍ ይነሣ፤ የሚወጣው ዕቃም ተጽፎበት ይቀመጥ።

ከጥገናው በኋላ የሚመጣው ማመዛዘን ነው። ብዙ ሰው ማመዛዘን ማለት አንዱን አዳምጦ፥ ሽቦውን ፈትቶ፥ ሁለተኛውን አዳምጦ «ይኸኛው ይሞቃል፤ ያኛው ይቀዘቅዛል» ማለት ይመስለዋል። ነገር ግን ጆሮ ጥቂት ከፍ ያለውን ድምፅ «የተሻለ» ብሎ ይቀበለዋል እንጂ «ከፍ ያለ ነው» አይልም። ስለዚህ የሁለቱ አምፕሊፋየሮች ድምፅ በጆሮ ሳይሆን በቮልት መለኪያ መስተካከል አለበት፤ ልዩነታቸውም ከ0.1 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይሁን። ይህም ማለት አንዱ በስፒከሩ ጫፍ ላይ 4 ቮልት ቢሰጥ ሌላው ከ3.95 እስከ 4.05 ባለው ውስጥ ይገኝ ማለት ነው። ከዚህም ጋር አነስተኛ ኃይል ያለው ከአቅሙ በላይ አይጫን፤ 15 ዋቱን ከ100 ዋቱ ጋር እየጮኸ ማሠራት ልጅን ከጐልማሳ ጋር ማታገል ነውና።

ከዚህ በኋላ ዕቃዎቹ ከመጋረጃ ጀርባ ይሁኑ። የትኛው እንደሚሠራ ሳንቲም እየተጣለ ይወሰን፤ አድማጩም 16 ጊዜ ይጠየቅ። በግምት ብቻ የሚመልስ ሰው 8 ያህል ያገኛል። 12 ወይም ከዚያ በላይ በዕድል ብቻ የማግኘት ነገር ግን ከመቶ ከ4 ያነሰ ነው። እንግዲህ 12 ያገኘ ሰው ቢኖር በአክብሮት እንሰማዋለን፤ 9 ያገኘው ግን ቃሉ የቱንም ያህል ቢያምር እንደ ምስክር አይቈጠርም።

በዚህ ዓይነት የተደረገ አንድ የታወቀ ሙከራ አለ። በ1978 ዓ.ም. ጄምስ ሞይር የተባለው መሐንዲስ እነዚያኑ ሦስት የኳድ አምፕሊፋየሮች፥ ማለት ኳድ 2፥ 303ንና 405ን፥ አድማጮች የትኛው እየሠራ እንደ ሆነ ሳያውቁ እንዲያመዛዝኑ አደረገ፤ ውጤቱንም «ዋየርለስ ዎርልድ» ላይ አወጣ። አድማጮቹም ከግምት በሚበልጥ አኳኋን አንዱን ከሌላው ሊለዩ አልቻሉም። ይህ ለሁለቱም ወገኖቻችን የሚነግረው ነገር አለ። አሮጌውን «ብረት ነው» የሚለው ወገን፥ የ1953 ዓ.ም. ዕቃ በደኅና ከተያዘና በአቅሙ ከሠራ ከ1975 ዓ.ም. ዕቃ ጋር ተካክሎ እንደ ቆመ ይወቅ። «ያለ ቫልቭ ሙዚቃ የለም» የሚለውም ወገን፥ መጋረጃው በተጋረደ ጊዜ ቫልቩ ተለይቶ እንዳልተሰማ ይወቅ።

ይህ ማለት ግን ልዩነት ሁልጊዜ የለም ማለት አይደለም። ስፒከር በሁሉም ድምፅ ላይ እኩል ኦም የለውም። አንድ የቫልቭ አምፕሊፋየር በመውጫው በኩል 1.5 ኦም የውስጥ ሬዚስታንስ ቢኖረው፥ ስፒከሩም በአንዱ ድምፅ ላይ 6 ኦም፥ በሌላው ላይ 30 ኦም ቢሆን፥ በሁለቱ ድምፆች መካከል 1.5 ዴሲቤል የሚያህል ልዩነት ይፈጠራል። ይህ በጆሮ ሊታወቅ ይችላል። ባለ 0.1 ኦም አምፕሊፋየር ላይ ግን ልዩነቱ ከ0.12 ዴሲቤል አይበልጥም። ሰው «ሙቀት» ወይም «ነፍስ» የሚለው ነገር አንዳንድ ጊዜ ይኸው ነው፤ በወረቀትና በእርሳስ ሊሰላ የሚችል ነገር ነው። ስሌቱን ማወቅ ደስታውን አይቀንሰውም።

ስለዚህ ለማኅበሩ የምናቀርበው አሳብ ይህ ነው። አንደኛ፥ አሮጌው አምፕሊፋየር አይጣል፤ ሳይፈተሽም ሶኬት ውስጥ አይግባ። ሁለተኛ፥ ከመምህሮቻችን አንዱ እየተቈጣጠሩ፥ ያረጁት ካፓሲተሮችና ሬዚስተሮች ብቻ በልካቸው ይተኩ። ለዚህ የሚያስፈልገው ገንዘብ አዲስ አምፕሊፋየር ለመግዛት ከሚጠየቀው እጅግ ያነሰ ነው። ሦስተኛ፥ ጥገናው ሲያልቅ ዛሬ ከምንጠቀምበት ጋር ከመጋረጃ ጀርባ ይመዘን፤ ከሁለቱም ወገኖች እኩል አድማጮች ይመረጡ። አራተኛ፥ ውጤቱ የማንንም አሳብ ቢያፈርስ ሳይሸሸግ በዚህ ጋዜጣ ይውጣ።

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ አባቶቻችን። ነገ ከዚህ ወጥተን ስለ ብዙ ነገር፥ ከአምፕሊፋየርም ስለሚከብድ ነገር እንድንፈርድ እንጠየቃለን። በዚያን ጊዜም አንዳንዱ በስሙ፥ አንዳንዱም በአሮጌነቱ ወይም በአዲስነቱ ብቻ ተመስግኖ ወይም ተነቅፎ ይቀርብልናል። መጀመሪያ ጠግኖ፥ አስተካክሎ፥ ስሙን ሸፍኖ ማዳመጥን በዚህች ትንሽ ዕቃ ላይ ብንለማመድ፥ ያወጣነው ገንዘብ ከንቱ አይሆንም። መጋረጃውን የሚያመጡ ሁለት ሰዎችና ሳንቲም የሚጥል አንድ ሰው ያስፈልጉናል፤ ፈቃደኞች የሆናችሁ ከዚህ ስብሰባ በኋላ ስማችሁን ስጡን።