የከብት ዝንብና የብርቱካን ቢራቢሮ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከነቀምት ወደ ጊምቢ የተጓዛችሁ ሁሉ የዴዴሳን ቆላ ታውቁታላችሁ። እኔ ያደግሁት በዚያ ዳርቻ ነው። በልጅነቴ በእናቴ ብርቱካን ዙሪያ የሚበረውን ጥቁርና ቢጫ ቢራቢሮ እወድ፣ በሬዎቻችንን የሚነድፈውን ትልቁን የከብት ዝንብ ደግሞ እጠላ ነበር። በሊቃውንት ዘንድ ቢራቢሮው ፓፒሊዮ ዴሞዶኩስ፣ ዝንቡ ታባኑስ ቴኒዮላ ይባላሉ።

ሁለቱም ከዕንቁላል ተፈልፍለው ትል ይሆናሉ፤ ቀጥሎም በሽፋን ውስጥ ተለውጠው ክንፍ ያወጣሉ። ቢራቢሮው አራት ክንፍ አለው፤ ዝንቡ ሁለት ብቻ። ቢራቢሮው የተጠቀለለ መምጠጫውን ዘርግቶ የአበባ ወለላ ይመጣል። የሴቷ ዝንብ አፍ ግን ቆዳ የሚቀድ ስለት ነው፤ ለዕንቁላሏ ደም ያስፈልጋታልና። ወንዱ ዝንብ ደም አይቀምስም፤ እንደ ቢራቢሮው በአበባ ይኖራል።

እናቴ ከብርቱካን ችግኟ ላይ የወፍ ኩስ የሚመስል ትል እየለቀመች ትጥል ነበር። ያ ቅጠል በል ትል የምወደው ቢራቢሮ ልጅ መሆኑን ያወቅሁት እዚህ መጥቼ ነው።

የዝንቧ ጥፋት ግን በንድፊያው አያበቃም። ስትነድፍ ያማል፤ በሬው በጭራው ያባርራታል፤ እርሷም ሳትጠግብ፣ አፏ ደም እንደ ነካው፣ ወደ ጎረቤቱ በሬ ትሻገራለች። የፊተኛው ገንዲ ካለበት በሽታውን ታጋባለች። የገንዲ ተሐዋስ በፄፄ ዝንብ አካል ውስጥ ያድጋል፤ በከብት ዝንብ አፍ ላይ ግን ሳያድግ በትኩሱ ይተላለፋል። ፄፄ በሌለበት በደቡብ አሜሪካ እንኳ ትራይፓኖሶማ ቫይቫክስ የተባለው ተሐዋስ ከብት የሚያጠቃው ስለዚህ ነው።

አንዱ በሬያችን በገንዲ ሲከሳ ቀን ቀን ከጓደኛው ጋር በአንድ ዋርካ ሥር እናስረው ነበር። ተከታትለው ሞቱ፤ ጥማዱ በሙሉ አለቀ። አባቴ በዚያ ዓመት በሬ ለምኖ አረሰ። በዴዴሳ ፄፄም ስላለ ጥፋቱን ሁሉ በከብት ዝንብ ላይ አላሳብብም። ነገር ግን የታመመውን ለይተን ብናስር ኖሮ አንድ በር ይዘጋ ነበር።

ወገኖቼ፤ ለክረምት ዕረፍት ወደየአገራችን ስንመለስ ይህን ለገበሬ ወላጆቻችን እንንገር፦ የታመመ በሬ ከጤነኛው ርቆ ይታሰር፤ ሳይውል ሳያድር ለከብት ሐኪም ይታይ። ትምህርታችን ከዋርካው ሥር ካልደረሰ በደብተር ላይ መቅረቱ ነው።